ብሳና ለጭርት፦ የሚጠቅምበትም የሚያቃጥልበትም ቦታ አለው

«ብሳና ለቆዳ ጥሩ ነው አይደል?» ይሉኛል። ጎጃሜ ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ ቅጠል የተባለ ነገር ሁሉ የምጠየቀው እኔ ነኝ። መልሴ አጭር ነው። አዎ፣ ለአንድ ነገር ጥሩ ነው፤ ለጭርት። ያውም ለትንሽ ጭርት፣ ያውም ክንድና እግር ላይ ለወጣ። እኔ ራሴ በእሱ ድኛለሁ። ለፊት፣ ለብጉር፣ ለማዲያት፣ ለሆድ፣ ለጉበት ከሆነ ግን ዛፉን ከሩቅ ሰላም ብላችሁት እለፉ።

ሰሞኑን የብሳና ቅጠል ዱቄት በፌስታል ታሽጎ «ለቆዳ ጥራት» እየተባለ ቴሌግራም ላይ ሲሸጥ አየሁ። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ቅጠሉን ይዘው ሕጉን ጥለውት መጡ። አያቶቻችን ብሳናን ሲነኩ የትኛው ክፍል፣ የት ቦታ ላይ፣ ምን ያህል፣ ለማን የሚል ጥንቅቅ ያለ ሥርዓት ነበራቸው። ሥርዓቱ ሲቀር የሚተርፈው የሚፋጅ ጭማቂ ብቻ ነው። ስለዚህ ያየሁትንና የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዛፉን እንተዋወቅ። ከደጀን እስከ ዳንግላ በመኪና ስትሄዱ ማሳ መሃል ወይም ድንበር ላይ ብቻውን ቆሞ የምታዩት ዛፍ ብዙውን ጊዜ ግራር፣ ዋንዛ ወይም ብሳና ነው። ብሳና ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው። ከላይ አረንጓዴ ነው፤ ገልበጥ ስታደርጉት ነጣ ይላል። ሊረግፍ ሲል ብርቱካናማ ይሆናል። አንድ ዛፍ ላይ አረንጓዴና ብርቱካናማ ቅጠል ተደባልቆ ካያችሁ እሱ ነው ብላችሁ ብትገምቱ ብዙ አትሳሳቱም። ለማረጋገጥ ቅጠሉ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች አሉት። ፍሬው አተር ያክላል፤ ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው። የሳይንስ ስሙ ክሮቶን ማክሮስታኪየስ ይባላል።

ገበሬው ብሳናን ከማሳው ጨርሶ አያጠፋውም። የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያለማለታል፤ አበባውን ንብ ትወደዋለች። የብሳና ማር ጎጃም ውስጥ ስሙ የታወቀ ነው። እርግጥ ዛሬ እንጅባራ አካባቢ ስትደርሱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ለከሰል የተተከለ ዲከረንስ የሚባል የውጭ ዛፍ ነው የሚቀበላችሁ፤ ሌላው ቦታ ደግሞ ባሕር ዛፍ። ያም ሆኖ ብሳና በድንበርና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አለ።

አሁን ወደ እኔ ክንድ።

ቢቸና አካባቢ ገጠር አያቴ ዘንድ ክረምቱን ስከርም ላም በታለበች ቁጥር ጥጃ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ጥጃዋ ዓይኗ ዙሪያና አንገቷ ላይ ግራጫ ቅርፊት ነበራት። እኔ አንገቷን በክንዴ አቅፌ ነው የምይዛት። ብዙም ሳይቆይ ክንዴ ላይ ቀይ ነጥብ ወጣ። አሳከከኝ። ትንኝ ነው ብዬ ተውኩት። ነጥቡ እየሰፋ ሄዶ ክብ ሆነ። ዳሩ ቀላና ከፍ ብሎ ይላላጣል፤ መሃሉ ግን የዳነ ይመስላል። አያቴ ክንዴን ወደ በሩ ብርሃን ጎትታ አየችውና «ጭርት ነው። ከጥጃዋ ነው የያዘሽ» አለች። አንድ ደቂቃም አልፈጀባትም።

ልክ ነበረች። ጭርት ፈንገስ ነው። የላይኛውን የሞተ የቆዳ ሽፋን፣ ፀጉርና ጥፍር እየበላ ይኖራል። ከሰው ወደ ሰው ይጋባል፤ ከጥጃ፣ ከድመትና ከውሻም ይመጣል። ወደ ውጭ እየሰፋ ስለሚሄድ ነው ክብ የሚሆነው። ሥራው ያለው ዳሩ ላይ ነው፤ መሃሉ ጥሎት ያለፈው ቦታ ነው።

በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳይወጣ ቀሰቀሰችኝ። «ሰው ሳታናግሪ ነው የሚቆረጥ» አለችኝ። ሰው ማናገር ከመድኃኒቱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለእሷው ልተወው። ማለዳው ግን ምክንያት አለው፤ ረፋድ ላይ ለጋው ቀንበጥ ጠውለግ ሲል ጭማቂው ያንሳል። የሄድነው ከበረቱ ጀርባ ወዳለው ብሳና ነው። የቆረጠችው ከግንዱ አይደለም፤ ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ካለ ለጋ ቅጠል ነው። ዘንጉን ቀነጠሰችው። የተቀነጠሰበት ቦታ ላይ ጥርት ያለ ጠብታ አቆረ።

ከዚያ በፊት ግን ማታውኑ ክንዴን በሳሙናና በለብታ ውኃ አሳጥባኛለች። በደንብ እንዲደርቅም አዛኛለች። «አትፈትጊው፣ ደም አታምጪበት» አለች። ይሄን አስምሩበት። ብዙ ሰው ጭርቱን በሻካራ ነገር ፈግፍጎ ካደማው በኋላ ነው ጭማቂውን የሚቀባው። ያኔ ነው መከራው። የተላጠ ቆዳ ላይ የብሳና ጭማቂ እሳት ነው፤ በዚያ ላይ ያመረቅዛል።

ቀጥላ ከክቡ ውጭ ያለውን ደህናውን ቆዳዬን ቅቤ ቀባችው። ጭማቂው አልፎ እንዳይነካው ነው። ዛሬ እኔ በቅቤው ፋንታ ቫዝሊን እጠቀማለሁ፤ አይሸትም፣ ዝንብም አይጠራም። ከዚያ የዘንጉን ጫፍ እንደ እስክሪብቶ ይዛ በቀዩ ዳር ላይ ዞረችበት። መሃሉን ለመጨረሻ ነካ አደረገችው። ቆጥቆጥ አደረገኝ፤ ግን የሚቻል ነበር። እስኪደርቅ ክንዴን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ዘንጉን እሳት ውስጥ ጣለችው። እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች። «ዓይንሽን እንዳትነኪ! ዓይን ያጠፋል» እያለች ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ።

በቀን አንዴ ነው፣ ማለዳ ብቻ። ቆዳው ከቀላ ወይም ከነደደ አንድ ቀን ታሳልፋለች። ጠርዙ እየጠቆረ ተላጠ፤ ማሳከኩ ቀደም ብሎ ነበር የተወኝ። ሳምንት አለፍ ሲል የቀረው ጠቆር ያለ ጠባሳ መሳይ ክብ ነበር። እሱም ወራት ወስዶ ጠፋ። ጥጃዋን ከዚያ በኋላ ያለ ጨርቅ አላቀፍኳትም። የጥጃ ጭርት አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይለቃል፤ እስኪለቅ ግን ለሌሎቹ ጥጆችም ለልጆችም ያዳርሳል።

እና ዛሬ ጭርት ቢወጣብኝ ብሳና ፍለጋ እወጣለሁ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከተማ ውስጥ ከሆንኩ አልወጣም። ክሎትሪማዞል የሚባል ቅባት ማንኛውም ፋርማሲ አለ፤ ውድም አይደለም። ጠዋትና ማታ፣ ከክቡ ትንሽ አልፋችሁ ትቀቡታላችሁ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ጠፋ ብላችሁ በማግስቱ እንዳትተዉት፤ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ ሳምንት ቀጥሉበት። አለበለዚያ ተመልሶ ይመጣል። ብሳናው የሚያዋጣው ፋርማሲው ሩቅ ሲሆንና ዛፉን በትክክል የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ሲኖር ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ አንድ ጠብታ ክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ። ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ውኃ ከቋጠረ የእናንተ ቆዳ አልተቀበለውም ማለት ነው። በቃ፣ ተዉት።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ። ቤት ውስጥ ያገኛችሁትን ቅባት ሁሉ ጭርት ላይ አትቀቡ። ቤታሜታዞንና መሰሎቹ፣ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች፣ ማሳከኩን ወዲያው ያስታግሳሉ። ሰው ዳንኩ ይላል። ከሥር ግን ፈንገሱ ተመችቶት ይስፋፋል። ክቡ ቅርጹን ስለሚያጣ በኋላ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል። ከብሳናም የባሰ ጉዳት የሚያደርሰው ይሄኛው ነው ብል አላጋነንኩም።

ብሳና ለምን ይሠራል? ተመራማሪዎች ከቅጠሉና ከቅርፊቱ ያወጡትን ውህድ በቤተ ሙከራ ባክቴሪያና ፈንገስ ላይ ሞክረው ገዳይነቱን አይተዋል። ይሄ ደስ ይላል። ግን ሳህን ላይ ፈንገስ የገደለ ሁሉ ሰው ቆዳ ላይ ደግ ይሆናል ማለት አይደለም። ብሳና የቁልቋልና የጉሎ ቤተሰብ ነው። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ የሚፋጅ፣ የሚያስቀምጥ፣ ከበዛም የሚመርዝ ነገር ሞልቷል። የእስያው ዘመዱ፣ ክሮቶን ቲግሊየም የሚባለው፣ ከፍሬው የሚወጣው ዘይት ቆዳ ላይ ውኃ የሚያስቋጥር፣ በጥቂት ጠብታ ሆድ የሚያጥብ ነው።

እንዶድን አስቡት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያች ምልከታ ተነስተው ዕድሜ ልካቸውን እንዶድን አጠኑ። ግን ያው እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ቀንድ አውጣ ላይ የበረታ ነገር ዓሣን አይምርም። የብሳና ጭማቂም ፈንገሱን ከእናንተ ቆዳ ለይቶ አያውቅም፤ የሚለይለት የሚቀባው ሰው ነው።

ፊትን በተመለከተ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት የቅርብ ዘመዴ ማዲያት ነበረባት። የሆነ ቦታ ያየችውን ተከትላ የብሳና ቅጠል ቀጥቅጣ፣ ከማር ጋር ለውሳ ጉንጯ ላይ ለጥፋ ተኛች። ጠዋት ጉንጯ አብጦ፣ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ቁስሉ ዳነ። ግን የተቃጠለው ቦታ ከማዲያቱ በላይ ጠቆረ። የኛ ቆዳ እንዲህ ነው፤ የተቃጠለበት፣ የተፋቀበት ወይም ያበጠበት ቦታ ሁሉ ይጠቁራል፤ ለወራት ይቆያል። ማዲያት ደግሞ በፀሐይና በሆርሞን የሚባባስ ነገር ነው። የሚፋጅ ነገር ሲነካው ይብሳል እንጂ አይሻለውም። ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትም ያው ነው። ባርኔጣ፣ ጥላ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፤ ከአቅም በላይ ከሆነ የቆዳ ሐኪም። ለማዲያት የማውቀው ይሄን ነው።

ቋቁቻስ? በልጅነታችን ጀርባችንን በብሳና ቅጠል የሚያሹ ነበሩ። እኔ አልመክርም። ቋቁቻ ደረትና ጀርባን በሰፊው ይይዛል፤ በዚያ ሁሉ ቆዳ ላይ የሚፋጅ ጭማቂ መቀባት ምን ይሉታል? ለቋቁቻ ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ አለ፤ ሰውነት ላይ ተቀብቶ ጥቂት ቆይቶ የሚታጠብ። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው ነጩ ነጠብጣብ ቶሎ ስላልጠፋለት ነው። ፈንገሱ ቢሞትም የቆዳው ቀለም እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። የሚላላጥ ነገር ከሌለ፣ ካላሳከከ፣ ታገሡ። ለችፌም እንዲሁ ብሳና አይሆንም። የችፌ ቆዳ በራሱ የደረቀና የቆሰለ ነው፤ የሚፈልገው ቅባት ነው።

መጠጣትን በተመለከተ ብዙ አልሄድበትም፤ አትጠጡ። ጎጃም ውስጥ የብሳና ቅርፊትና ሥር ለወፍ በሽታ፣ ለወባ፣ ለኮሶ ትል ተዘፍዝፎ ሲጠጣ ኖሯል። አውቃለሁ፤ አያቶቼም አድርገውታል። ግን ዓይን ቢጫ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ጉበት ወይም ሐሞት ሲታመም ነው። በታመመ ጉበት ላይ ደግሞ ሌላ መርዝ ያለው ነገር ትጨምሩበታላችሁ። ወባ ከሆነ ጤና ኬላ በጣት ደም ወዲያው ይታወቃል፤ መድኃኒቱም እዚያው ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ በምንም ዓይነት አትቅመስ፤ ሆድ የሚያጥብ ነገር ማሕፀንንም ሊያነሳሳ ይችላል። ፍሬውን ልጆች እንዳይቀምሱም ተጠንቀቁ።

ይሄን ሁሉ ስጽፍ የማይዘለል አንድ ነገር አለ። ቆዳ ላይ ከሌላው ፈዘዝ ያለ ወይም ቀላ ያለ ነጠብጣብ ካለና ስትነኩት የማይሰማችሁ ከሆነ፣ እሱ ጭርት አይደለም። በጥጥ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋችሁ ሞክሩት። ካልተሰማችሁ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። በመድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በነጻ ነው። ጉዳት የሚያደርሰው መዘግየቱ ነው። ነጠብጣቡን በብሳና እየቀቡ ወራት ማሳለፍ ነው የሚያስፈራኝ።

ዛፉንም እንዳንጎዳው። ለጭርት የሚያስፈልገው አንድ ለጋ ቅጠል ነው። ቅርፊት መላጥ አያስፈልግም። ግንዱን ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይደርቃል፤ ለመድኃኒት ሻጭ ሲባል ዙሪያቸውን የተላጡ ዛፎች አይቻለሁ። ከመንገድ ዳር፣ መድኃኒት ከሚረጭበት ማሳ አጠገብም አትቁረጡ።

ልጆች ራስ ላይ የሚወጣው ቆረቆር ደግሞ ለብቻው ነው። የእህቴ ልጅ ፀጉሩ እየተመለጠ ክብ ክብ ሆኖ፣ ነጭ ቅርፊት ሲያወጣ እህቴ ብሳና አምጡልኝ አለች። አያቴ ናት የተቆጣችው። «የልጅ ራስ ላይ ብሳና? ምን ነካሽ ልጄ! ወደ ዓይኑ ቢወርድስ?» አለች። እህቴም ሐኪም ቤት ወሰደችው። እዚያም ቅባት ብቻውን እንደማይበቃ ነገሯት። ቆረቆር የፀጉሩ ሥር ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ቅባት እዚያ አይደርስም። የሚዋጥ ነው የታዘዘለት፤ ግሪሲዮፉልቪን የሚባል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት ውስጥ በደንብ ይገባል፤ ስለዚህ ወተት ወይም ቅቤ ያለበት ነገር በልቶ ነው የሚውጠው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወሰዳል። እህቴ መሃል ላይ ፀጉሩ ሲበቅል ልታቋርጥ ነበር፤ ጨርሺ ብለን አስጨረስናት።

ከየት መጣበት ሲባል ከፀጉር ቤት ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙ ልጅ የሚላጨው በአንድ ቶንዶስ ነው። አሁን የራሱን ቶንዶስ ገዝታለት ይዞ ይሄዳል። መግዛት የማይችል ደግሞ የቶንዶሱን ጥርስ በአልኮል እንዲያጸዱለት መጠየቅ መብቱ ነው፤ ፀጉር አስተካካዩ ቅር ቢለውም። ማበጠሪያ፣ ኮፍያና ትራስ ለየብቻ አድርጉ። የትራሱን ጨርቅ በፈላ ውኃ እጠቡና ፀሐይ ላይ አስጡት። አንዱ ልጅ ከያዘው የሌሎቹንም ራስ በየሳምንቱ ፀጉራቸውን ከፈል ከፈል እያደረጋችሁ እዩት።